ለታጠፈ እጅ የተሠራ ቢላ

የቀንድ ቃጠሎ ሽታ ማንም የሚወደው ሽታ አይደለም። ጉሮሮ ይከረክራል፣ ልብስ ላይ ያድራል። እኔ ግን ባለፈው ቅዳሜ ዲላ ገበያ፣ ብረታ ብረት ተራው ጋ ስደርስ ያ ሽታ ሲቀበለኝ እንደ ሞኝ ቆሜ ሳብኩት። አንድ ወጣት የቢላ ሥር በከሰል አግሎ የበሬ ቀንድ ውስጥ ይሰካል። ቀንዱ ይንጫጫል፣ ቢጫ ጭስ ይወጣል፣ አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል።

ተራዬ ሲደርስ በጋዜጣ የጠቀለልኩትን ቢላ አወጣሁለት። እጀታው ተሰንጥቋል። ወጣቱ አገላብጦ አየው፤ በቀኝ ያዘው፣ በግራ ያዘው፣ አልመቸውም።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ገና ሲሠራ ነው የተበላሸው» አለኝ እያዘነልኝ። «መያዣው ጠማማ ነው። እሳት ላስነካውና ላቃናልሽ?»

«እንዳትነካው!»

ጩኸቴ እኔንም አስደነገጠኝ። ጎናችን ያለችው ሽንኩርት ሻጭ ዞር ብላ አየችኝ። ይቅርታ ጠየቅሁትና ስንጥቁን ብቻ እንዲይዝልኝ ነገርኩት። እሱ ቀጭን ሽቦ ሲፈልግ እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ጭሱም ወደ እኔ ይነፍስ ነበርና ሳላስበው በሐሳብ ደጋው ቡሌ ገባሁ።

ሦስተኛ ክፍልን የተማርኩት ቡሌ ነው፤ አንድ ዓመት ብቻ። የእናቴ ታላቅ እህት እዚያ ትኖራለች። ስሟ ታደለች ነው፤ እኛ ቤት ግን ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት። በዚያ ክረምት ደም ግፊት ጣላት። ሆስፒታል ሰነበተች፤ እግሯ ተመለሰ፣ አንደበቷ ተመለሰ፣ ቀኝ እጇ ግን እንደ ወጣ ቀረ። ጣቶቿ እንቁላል የያዙ ይመስል ወደ ውስጥ ታጥፈው አንዘረጋም አሉ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያላት አንድ ልጅ ደረጀ ሐዋሳ ቢሮ ይሠራል። ዘመድ ተሰብስቦ መከረና እኔ እንድላክ ተወሰነ። እኔን የጠየቀኝ የለም። እናቴ ልብሴን እያጣጠፈች «አንድ ዓመት ናት፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ታልፋለች» አለችኝ። መኪናው ውስጥ ስንት ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ፤ ያለፈ ነገር አልነበረም።

ዲላ ሙቀት ነው፣ ጫጫታ ነው፣ የባጃጅ ጡሩምባ ነው። ቡሌ ብርድ ነው። ጠዋት በር ስንከፍት ጉሙ የእንሰቱ ሥር ተኝቶ ይጠብቀናል። ነፋስ የቦጫጨቀው የኮባ ቅጠል ቀኑን ሙሉ ይንሾካሾካል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሰዎች ስለ እኔ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ልጆቹ የሚጫወቱት በጌዴኡፋ ቋንቋ ነው። እኔ እሰማለሁ እንጂ ምላሴ ስለሚተሳሰር ክፍል ውስጥ ዝምተኛ ተባልኩ። ቤት ስገባ እቴቴ ላይ የዝምታዬን ሁሉ አራግፍባታለሁ፤ እሷም «አሁን ደግሞ ጆሮዬን ሽባ ልታደርጊው ነው?» ትለኛለች።

አንድ እጅ የቀረው ሰው ማብሰል አይቸግረውም። የሚቸግረው መቁረጥ ነው፤ ሽንኩርቱን ማን ይያዝለት? እቴቴ ድንቹን በታመመው ክንዷ መክተፊያው ላይ ጫን አድርጋ በግራዋ ልትቆርጥ ትሞክራለች፤ ድንቹ ይሾልክና ወደ ምድጃው ይንከባለላል። እሱን አሳድጄ መያዝ የእኔ ሥራ ነበር። ከቆጮ ጋር ያለው ግን ከድንቹ የባሰ ነው። ቆጮ ከጉድጓድ ወጥቶ ከተጨመቀ በኋላ ጭረቱ፣ ያ ቃጫው፣ እንዲደቅ መክተፊያ ላይ ደጋግሞ በቢላ መከተፍ አለበት፤ ያ ደግሞ ሁለት እጅና ትከሻ ይጠይቃል። በዚያ ሰፈር ሴት የምትመዘነው ቆጮዋ ውስጥ ጭረት በመኖሩና ባለመኖሩ ነው። እቴቴ ድሮ በዚህ የታወቀች ነበረች። አሁን ጎረቤት ከትፎ የሚያመጣላትን ስትበላ ጭረቱን በምላሷ እየለየች በዝምታ ከአፏ ታወጣለች።

ስለዚህ መክተፉ ለእኔ መጣ። የገና በዓል ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቢላው ጎመኑን ትቶ የግራ አውራ ጣቴን ቆረጠው። ጠባሳው እስካሁን አለ። እቴቴ በአንድ እጇ ጨርቅ ልታስርልኝ ስትታገል፣ ጥርሷንም ስትጨምርበት፣ ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ያለቀሰችው።

ለገና ደረጀ መጣ። ጣቴን አየ፣ ምድጃውን አየ፣ እናቱን አየ። ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩ ጥሩነቱን ቶሎ መፈጸም ይፈልጋል።

«እማዬ፣ በቃ። እዚህ አልተውሽም። ይቺ ልጅ ናት፤ ሰኔ ላይ ወደ እናቷ ትሄዳለች። ከዚያስ?»

«ከዚያ እኔ እኖራለሁ።»

«በምን እጅሽ?»

ደረጀም የተናገረው ነገር ቆጨው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ፣ እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ። ፋሲካ ስመጣ ምሳዬን በራስሽ እጅ ከትፈሽ ካበላሽኝ ሁለተኛ ስለ ሐዋሳ አላነሳም። ካልሆነ ግን አብረን እንሄዳለን።»

እሺ አለች። እቴቴ ያንን ቤት ለቃ መውጣት ማለት ለእሷ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። የእንሰቶቹን ዕድሜ አንድ በአንድ ታውቅ ነበር፤ ይኼኛው ደረጀ ሲወለድ፣ ያኛው ባሌ የሞተ ዓመት የተተከለ እያለች ታሳየኛለች። ለእኔ ግን ሐዋሳ ሐይቅና ዓሣ ነው፤ እሷ ከሄደች ደግሞ እኔ ወደ እናቴ እመለሳለሁ። እውነቱን ለመናገር በልቤ የደረጀ ወገን ነበርኩ።

ጋሽ ጅግሶ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የሰፈሩ ቀጥቃጭ ናቸው፤ በየቤቱ እየዞሩ ቢላና ማጭድ ይስላሉ። ዛሬ «እሳቸው» እላለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሽበት በሽበት የሆኑትን ሰውዬ ትንሽ ትልቁ «አንተ» ነበር የሚላቸው። እኔም እንደ ሰዉ «አንተ» አልኳቸው። ሌላም ነገር አስተውያለሁ፤ ስለው ሲጨርሱ እቴቴ ምግብ ትሰጣቸዋለች፣ ግን ከእኛ ጋር አይቀርቡም። እኔ ከጓሮ ለብቻቸው የኮባ ቅጠል ቆርጬ አመጣለሁ፣ እሷ ታቀርብላቸዋለች፣ እሳቸው ደጅ ታዛው ሥር ተቀምጠው ይበሉና ቅጠሉን ራሳቸው ይጥላሉ። እኔ ደጅ መብላት ይወዳሉ ብዬ ነበር። ብርድ የማይፈሩ ሰው ናቸው እያልኩ አደንቃቸውም ነበር።

ጋሽ ጅግሶ ዝም ብለው ቢላ ብቻ የሚሠሩ ሰው አልነበሩም። ሰውን ዓይተው ነው የሚሠሩት። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አንድ ሽማግሌ አንገቱ የተጣመመ፣ ሆዱ ጎድጎድ ያለ ማንኪያ ሠርተውላቸዋል፤ ሾርባው ሳይፈስ አፋቸው ይደርሳል። ጎመን ለምትሸጥ ሴት ጀርባው ላይ ቀዳዳ ያለው ቢላ ሠሩላት፤ የጎመኑን አገዳ በቀዳዳው አስገብታ ስትስበው ቅጠሉ ሁሉ ተላጦ ይወርዳል። ሁሉም አልተሳካላቸውም። መንገድ ለሚበዛባቸው ወንጌላዊ የሚታጠፍ ሹካ ሠሩላቸው፤ ሹካው ምግብ ላይ ሳለ ታጠፈና ከንፈራቸውን ነከሳቸው። ወንጌላዊው ሁለት ሳምንት ሲሰብኩ አፋቸውን የሳንቲም ያህል ብቻ ነበር የሚከፍቱት፤ ስብከቱም አጠረ፣ ምእመኑ ጅግሶን ባረከ።

ያን ቀን ስለው ከጨረሱ በኋላ እቴቴ ድንቹን በክንዷ ስታባርር አዩ። ከዚያ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስላል፣ «እጅህን አሳየኝ» አሏት። ጋሽ ጅግሶ አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት አይለዩም፤ ለሁሉም አንድ ነው።

እቴቴ እጇን በነጠላዋ ሸፈነች። «ምኑን ታየዋለህ? ሐኪሙ አይቶታል፣ በቅቤ ታሽቷል፣ ተጸልዮበታል። አልዘረጋም ብሏል።»

«እኔ አልዘረጋውም» አሉ። «ለምን ይዘረጋል? ቢላ የሚይዝ እጅ ዝግ ነው።»

በማግስቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ እርጥብ ሸክላ ይዘው መጡ። ሚስታቸው ሸክላ ሠሪ ናት። ጭቃውን ከታጠፉት ጣቶቿ መሃል አስገቡና ቀስ ብለው ጫን ጫን አደረጉት። እቴቴ ፊቷን አዞረች። ሲያወጡት የአራት ጣት ጉድጓድ፣ የመዳፍ እብጠት፣ የአውራ ጣት መቀመጫ፣ ሁሉም ታትሞበታል። በቅጠሉ መልሰው ጠቀለሉትና ሄዱ።

እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። እግዚአብሔር አዳምን ከምን ሠራው ሲባል ከሁሉ ቀድሜ እጄን የማወጣ ልጅ ነኝ። ከጭቃ ነዋ! ጋሽ ጅግሶ የእቴቴን እጅ መጀመሪያ በጭቃ፣ ቀጥሎ በብረት ሊሠሩ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አዲስ እጅ ከመጣ እቴቴ ሐዋሳ አትሄድም፣ እኔም ቡሌ አልቀመጥም፤ ሁላችንም የምንፈልገውን እናገኛለን። ለማንም አልተናገርኩም። ዕረፍት ሰዓት ላይ ለአንዲት የክፍሌ ልጅ ብቻ ነገርኳት፤ እሷ ለቀሩት አደረሰችልኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለልኬት ጠሩን። መሥሪያቸው ከመንደሩ ጫፍ፣ ቀርከሃው መሃል ናት። ወናፉ ይተነፍሳል፣ የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ እሳት ውስጥ ቀልቷል። ቀንድ በሙቀት አለዝበው፣ ከዚያች ጭቃ ጋር እያስተያዩ ሲጫኑት አየሁ። ያንን ሽታ የሸተትኩት ያን ጊዜ ነው፤ ዓይኔ እያለቀሰ ደስ አለኝ። አዳም ሲሠራ እንዲህ ሸትቶ ይሆናል አልኩ።

የመጣው ግን ቢላ ነው።

ስለቱ ግማሽ ጨረቃ ነው። እጀታው እንደ ሌላ ቢላ ከኋላ አይወጣም፤ ከላይ፣ ስለቱ ጀርባ ላይ ተቀምጧል፤ ለሌላ ሰው ጠማማ፣ ለእቴቴ ጣቶች ግን ጉድጓድ በጉድጓድ። እንዳይወድቅባት ከላይ በቆዳ ቀበቶ እጇ ላይ ይታሰራል። መክተፊያም አብሮ አለ፤ ሽንኩርቱን ሰክቶ የሚይዝ ሦስት ምስማር ጥግ ላይ ቆሞበታል። እቴቴ እጇን አስገባች። ጣቶቿ የሚዘረጉበት ምክንያት አልነበረም። ክንዷን ብቻ ወዲያና ወዲህ ስታወዛውዝ ስለቱ ጎመኑ ላይ እየተንከባለለ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። ጎመኑ ደቀቀ። ጎረቤታችን እማማ ብርቅነሽ «ሃሌሉያ!» አሉ። እቴቴ አለቀሰች። እኔ ጋሽ ጅግሶ ቢላውን ያመጡበትን ጆንያ እያየሁ ነበር፤ እጁ ከሥር ቀርቶ ይሆናል ብዬ።

ጆንያው ባዶ ነበር። እሳቸው ታዛው ሥር በቅጠላቸው በልተው ሄዱ።

ሦስት ቀን ሙሉ አሰብኩ። ያገኘሁት ይህ ነው፤ እቴቴ ይህችን ጠማማ ቢላ ይዛ ደስ ካላት ጋሽ ጅግሶ እጁን ለመሥራት ምን አስጨነቃቸው? ቢላው ከጠፋ ግን ዋናውን ለመጨረስ ይገደዳሉ። ዛሬ ስጽፈው ያስቃል። ያን ጊዜ ግን ከሒሳብ መምህሬ ሒሳብ ይልቅ የሚስተካከል ሆኖ ታየኝ።

እቴቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ቢላውን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የቆጮ ጉድጓዱ እዚያ ነው፤ የተፋቀው እንሰት በቅጠል ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ለወራት ይብላላል። ብረት ስለሚያጠቁረው እንደማያድርበት አውቃለሁ፤ እቴቴ ሃምሳ ጊዜ ነግራኛለች፤ ለዚህ ነው ሴቶቹ እንሰቱን በቀርከሃ የሚፍቁት። እኔ ግን የሚያድረው ለሁለት ለሦስት ቀን ነው አልኩ። የቅጠሉን ጠርዝ አነሳሁና እስከ ክርኔ ድረስ ከተትኩት። ቀዝቃዛና የሚያጣብቅ ነበር፤ ክንዴ ሁለት ቀን እርሾ እርሾ ሸተተ።

በሁለተኛው ቀን የጎረቤት ሴቶች መጡ። አዲስ የተፋቀ ጨመሩበት፣ በአዲስ ቅጠል ሸፈኑት፣ እኔ የማልነቀንቃቸውን ድንጋዮች ደረደሩበት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ቅጠል አቀብል ነበር።

ቤቱ ተገለበጠ፣ ቢላው የለም። እቴቴ አልጋ ሥር፣ እህል ጎታ ውስጥ፣ ሳር ውስጥ ፈለገች። እኔም አብሬያት ፈለግሁ፤ ከእሷ በላይ ፈለግሁ። ከዚያ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ቀርከሃው ታጠፍኩ።

ጋሽ ጅግሶ ማጭድ እየሳሉ ነበር። «እጁ መቼ ያልቃል?» አልኳቸው።

«የቱ እጅ?»

«የእቴቴ። በጭቃ የሠራኸው።»

ወናፉን ተዉት። ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት መሃል ያችን ጭቃ አውርደው ሰጡኝ። ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። «ይሄ እጅ አይደለም ልጄ። ይሄ ለመያዣው ልክ ነው። እጅ የሚሠራ እግዜር ብቻ ነው።» ሊስቁ ጀመሩ፤ ፊቴን ሲያዩ ተዉት። «ምን ሆንክ? ቢላው አይቆርጥም?»

«ጠፍቷል» አልኩ፤ ያለቀስኩትም ከልቤ ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ማለት ይኼ ነው። እጅ የለም፣ ቢላም የለም፤ ቢላው ያለበትን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ድንጋዩን ግን አላነሳውም። ለእቴቴ ብነግራት ድንጋዩ በደቂቃ ይነሳ ነበር። አልነገርኳትም። መቆጣቷን ፈራሁ እላለሁ፣ ግን ሌላም ነበረ፤ ፋሲካ ሲደርስና ደረጀ ሲወስዳት ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ያቺ ሐሳብ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር፣ እኔም አላስወጣኋትም።

እማማ ብርቅነሽ ክፉ ሴት አልነበሩም። እቴቴ ስትታመም አንድ ወር ሙሉ ውሃ ቀድተውላታል። ግን አንድ ቀን እዚያው ምድጃ ዳር ተቀምጠው «ቀጥቃጩ ነው» አሉ። «ቀጥቃጮች የሠሩትን ነገር ዓይናቸው አይለቀውም። መጥቶ አንስቶታል።»

እቴቴ ምድጃውን ቆሰቆሰች። አዎም አላለችም፣ አይደለምም አላለች።

በሳምንቱ ወሬው ገበያ ደረሰ። ጋሽ ጅግሶ መምጣት ተዉ። ቤተ ክርስቲያንም የኋለኛው አግዳሚ ላይ ያለችው ቦታቸው ባዶ ሆነች። አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስገባ እቴቴ ደጅ ብቻዋን ተቀምጣ አየኋት። የታጠፈ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ክንዷን ወዲያና ወዲህ ታወዛውዛለች። ባዶ እጇን ነው። አላየችኝም። እኔ ወደ ኋላዬ ተመለስኩና ከእንሰቱ መሃል ገብቼ ቆምኩ። ያን ቀን ነው በእውነት ያፈርኩት፤ መናገር ግን አሁንም አልቻልኩም።

ደረጀ ለፋሲካ መጣ፤ ሻንጣም ይዞ መጣ። እቴቴ አልተከራከረችም። «ቃል ቃል ነው» አለች። «ግን ጉድጓዴን ከፍቼ ለጎረቤት ሳላካፍል አልወጣም።»

ቅዳሜ ጠዋት ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ድንጋዩ ተነሳ፣ ቅጠሉ ተገለጠ። ከላይ ያለው ቆጮ ነጭ ነበር፣ ደህና እንደተብላላ ሸተተ። እማማ ብርቅነሽ እጃቸውን ወደ ጥጉ ሰደው ሲያወጡ መዳፋቸው ላይ ያለው ሊጥ ከሰል መስሏል። እንደገና ሰደዱ። ቢላው ወጣ።

«በኢየሱስ ስም!» ብለው ጣሉት። «ይኸውላችሁ! እኔ የሰረቀ መስሎኝ ነበር። ለካ መተት ቀብሮባት ኖሯል! የሰው ጉድጓድ ውስጥ ብረት የሚቀብር ሌላ ማን አለ?»

ደረጀ ፊቱ ተለዋወጠ። ሰው ላከ። ጋሽ ጅግሶ ከነሽርጣቸው መጡና የአጥሩ በር ላይ ቆሙ።

«አንተ፣ እናቴ ምን አደረገችህ?» አለ ደረጀ።

እሳቸው እሱን አላዩትም። ጎንበስ ብለው ቢላውን አነሱ፣ ጥቁሩን በአውራ ጣታቸው ጠረጉ፣ ስለቱን ወደ ብርሃን አዞሩ። «ብረቱ ታሟል» አሉ ቀስ ብለው። «ብዙ ቀን አድሮበታል። ማነው እዚያ ያስገባው?»

«አንተ ነሃ! ለፖሊስ ትናገራለህ» አለ ደረጀ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። የሰማኝ የለም። ደገምኩት፣ ሦስተኛው ላይ ጮህኩ። «እኔ ነኝ! እጅ እንዲሠራላት ብዬ ነው!»

ሁሉንም አንድ ላይ አፈሰስኩት፤ ጭቃውን፣ አዳምን፣ ጆንያውን። አንዷ ሴት ሳቀች፤ ሌሎቹ ስላልሳቁ ዝም አለች። እቴቴ መጥታ ፊቴ ቆመች። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ለእኔ ብለሽ ነው፣ ወይስ ወደ እናትሽ ለመሄድ?»

አሰብኩ። «ለሁለቱም» አልኳት።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለች። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ይህን ሰው ሌባ ያለው ግን ልጅ አይደለም። እኛ ነን። እኔም ሲባል ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ከተናገረው የእኔ ይብሳል። እጁን አይቼ የማውቀው እኔ ነበርኩ።»

ጋሽ ጅግሶ ቢላውን በአመድ አሹት፣ ከኪሳቸው ድንጋይ አውጥተው ስለቱን መለሱት፣ እጀታውን ወደ እሷ አድርገው ዘረጉላት። ጥቁሩ ግን ከብረቱ አልወጣም፤ እስካሁንም አልወጣም።

እቴቴ እዚያው መክተፊያዋን አስመጥታ ተቀመጠች። እጇን አስገባች፣ እኔ ቀበቶውን አሰርኩላት። ነጩን ቆጮ ከተፈች፤ ወዲያ፣ ወዲህ፣ እስኪደቅ። ሽንኩርቱን ምስማሩ ላይ ሰካች፣ ጎመኑን ደቆሰች። ላብ በግንባሯ ወረደ፣ ደረጀ ሊያግዛት ብድግ ሲል «ቁጭ በል» አለችው። እስክትጨርስ አንድም ሰው አልተነሳም።

ምሳ ሲደርስ ጋሽ ጅግሶ እንደ ልማዳቸው ታዛው ሥር ተቀምጠዋል። እኔም እንደ ልማዴ ቅጠል ልቆርጥ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

«ቅጠሉን ተይው» አለች እቴቴ ከውስጥ። «ጅግሶ፣ ግባ።»

«እዚህ ደህና ነኝ» አሉ።

ደረጀ ተነስቶ ወጣ። ፊታቸው ቆሞ ጥቂት ቸገረው። «ጋሽ ጅግሶ፣ ይግቡ። እርስዎ ካልገቡ እሷ አትበላም፤ እሷ ካልበላች እኔም ሐዋሳ አልደርስም።»

ገቡ። እጃቸውን ሁለት ጊዜ ታጠቡ። እማማ ብርቅነሽ አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉ፤ ቦታ ለመስጠት ይሁን ለመራቅ ያን ጊዜም አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም። ሆዴን ይነፋኛል ብለው ብዙም አልበሉ። እቴቴ ግን ከዚያው ሳህን በግራ እጇ ጠቅልላ ጋሽ ጅግሶን አጎረሰቻቸው። ለካ ደጅ መብላት አይወዱም ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። አኝከው፣ አኝከው፣ «ጭረት የለውም» አሉ። እቴቴ ከዓመቱ ሁሉ ያን ጊዜ ነው የሳቀችው።

ደረጀ ሻንጣውን ባዶውን ይዞ ተመለሰ። እኔ እስከ ሰኔ ቆየሁ። እቴቴም ዕድሜዋን እዚያው ጨረሰች፤ ስትሄድ ቤቱና እንሰቱ ለደረጀ፣ ይህች ቢላ ለእኔ ሆነች።

«ጨርሻለሁ» አለኝ ወጣቱ። ስንጥቁን በሽቦ አስሮ፣ አለስልሶታል። ግን ቢላውን ሊሰጠኝ እጁ አልፈታም። «እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ነው የሚያዘው?»

«ጣትህን አትዘርጋ» አልኩት። «እጠፋቸው። እንቁላል ያዝክ በል።»

አጠፋቸው። ቀስ ብሎ ከላይ ሰደዳቸው። ጣቶቹ አንድ በአንድ ቦታቸውን አገኙ፤ ትንሹ ጣት መጨረሻ ገባ። ክንዱን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው፣ ጨረቃዋ ጣውላው ላይ ተንከባለለች። ሥራውን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይሄ እኮ የሰው እጅ ነው» አለ። «የማን ነው?»

«የአክስቴ» አልኩት።